እማማ ዛሬ ለምን ዝም አሉ? ነርስ አረጋውያን ላይ ድንገተኛ መቃዠትን የምትለይበትና የምትንከባከብበት መመሪያ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰማንያን ያለፉ አባት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በእግራቸው ጫማ ይፈልጋሉ። «በሬዎቹ ገደል ሊገቡብኝ ነው፤ ልቀቁኝ!» ይላሉ። ልጃቸው ወገባቸውን ይዞ ያለቅሳል። ከጎን ያለው ታማሚ «ኧረ ሲስተር፣ አንድ ነገር አድርጊ፤ መተኛት አልቻልንም» ይላል።

እኔ ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ካርዳቸው ላይ «ሌሊቱን ሲረብሹ አድረዋል» ብዬ ጻፍኩ። ልጃቸውንም «አይዞህ፣ እርጅና ነው» አልኩት።

ጠዋት የተረከበችኝ ሲስተር ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ የሽንት ከረጢቱን አየች። ባዶ ነው። ቱቦው ጭናቸው ሥር ታጥፏል። ስታቃናው ወደ 900 ሚሊ ሊትር ሽንት ወረደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አባባን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከሰዓት በኋላ ሲነቁ የልጃቸውን ስም ጠሩ፣ ውሃ ጠየቁ። ስለ በሬ ያነሣ የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «እርጅና ነው» የሚለውን ቃል ዋርድ ውስጥ ስሰማ ሆዴ ይፈራል። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው የለምና። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በሌሊት ተራ ብቻዋን ለምትቆም ነርስ ነው።

የጉዳዩ ስም ዴሊሪየም ይባላል። አእምሮ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲዛባ ማለት ነው። ዋናው ምልክቱ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ነው። ሌላው ምልክት መለዋወጡ ነው። ጠዋት ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ላይ ደህና ይመስላሉ፣ ማታ ይብስባቸዋል። ሐኪሙ የሚያያቸው ጠዋት ስለሆነ ማታ ያየነውን ካልነገርነው አያውቀውም። የመርሳት በሽታ ከዚህ ይለያል፤ እሱ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። እንዲያውም የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለዴሊሪየም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ዴሊሪየም በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሚጮኸው፣ ጉሉኮስ የሚነቅለው ነው፤ እሱን ማንም ያየዋል። ሁለተኛው ዝም የሚለው ነው። እማማ ትናንት ከአስታማሚያቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ዓይናቸውን ከድነው ተኝተዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኛም «ዛሬ ጥሩ አርፈዋል» ብለን እናልፋለን። በእኔ ልምድ በጣም የሚያመልጠን ይሄኛው ነው። የማያስቸግር ታማሚ ስለሆኑ ማንም ተመልሶ አያያቸውም።

ደረጃ 1፦ አስታማሚውን ጠይቁ

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «እማማ ከወትሮው ተለይተውብሻል?»

መልሱ «አዎ» ከሆነ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ዴሊሪየም ነው ብላችሁ ያዙት። ልጅ እናቷን ታውቃለች። እኛ አገር አስታማሚው አልጋው ሥር ነው የሚያድረው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «ውጡ፣ ራውንድ ነው» ከማለት ውጪ አናናግራቸውም።

ቀጥሎ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ሳሉ ገበያ ሄደው መልስ ቆጥረው ይመለሱ ነበር? መነጽር ያደርጋሉ? ጆሯቸው ይሰማል? ሰሞኑን ወድቀዋል? ቤት ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር? አረቄ ይጠጡ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻቸውን አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ሰው ፊት የሚመልስ የለም።

ደረጃ 2፦ ትኩረታቸውን ፈትኑ

ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አጎንብሱ፣ ፊታችሁን ያሳዩዋቸው፣ ፈቃድ ጠይቁ። «አባባ፣ ሁሉንም ታማሚ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይፈቅዱልኛል?» በሉ። ሳይፈቅዱ ጥያቄ መደርደር እንደ መናቅ ይቆጠራል።

ወራትን ከኋላ ወደ ፊት እንዲቆጥሩ ጠይቁ፤ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያሉ። 7 ወር ያህል ሳይሳሳቱ ከሄዱ ጥሩ ነው። ወራቱ ከከበዷቸው ቀናትን ይቁጠሩ፤ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያሉ። ይህም ካልሆነ እጃቸውን ያዙና «ሀ ስል እጄን ጨበጥ ያድርጉ» በሏቸው። ከዚያ 10 ፊደላትን ቀስ ብላችሁ ጥሩ፤ የተወሰኑት ሀ ይሁኑ። ከሁለት በላይ ከተሳሳቱ ትኩረታቸው ተበትኗል ማለት ነው። ይህ ላልተማረ ሰውም ይሠራል።

ቀንና ቦታ ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። አንዲት እናት «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ስንላቸው «የማርያም ማግስት» አሉ። ተማሪዋ «አያውቁም» ብላ ልትጽፍ ነበር። ቀኑ 22 ነው! ከሁላችንም በላይ ያወቁት እሳቸው ነበሩ። ለብዙ እናቶቻችን ወሩ የሚቆጠረው በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያምና በጊዮርጊስ ነው። ሙስሊም አባት ከሆኑ ጁምዓ መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው። የልደት ቀን የማያውቅ ሰውም ብዙ ነው። «በስድሳ ስድስቱ አብዮት ጊዜ አግብተው ነበር?» ብትሉ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

በውጭ አገር ሆስፒታል ለምትሠሩም ይህ ይጠቅማል። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ያንሳል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ቢናገሩ 6 ሰዓት ይለያያል። ለሐኪሙ ይህን የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ጤነኛዋን እናት «ተምታቶባታል» ብሎ ይጽፋል። አስረዱት።

ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ ፎር ኤ ቲ (4AT) የሚባል ነጻ መመዘኛ አለ። አራት ነገር ያያል፦ ንቃት፣ አራት አጭር ጥያቄዎች (ዕድሜ፣ የልደት ቀን፣ ቦታ፣ ዓመት)፣ ወራትን ወደ ኋላ መቁጠር፣ እንዲሁም ለውጡ ድንገተኛ መሆኑ። ከ12 ነጥብ 4ና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይጠራ።

ደረጃ 3፦ ምክንያቱን ከራስ እስከ እግር ፈልጉ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ዴሊሪየም ራሱ ምልክት ነው፤ ከሥሩ የሚጎዳቸው ነገር አለ። ብዙ ጊዜም አንድ ሳይሆን ሦስትና አራት ነገር ተደራርቦ ነው።

በመጀመሪያ ደቂቃ የሚገድለውን አስወግዱ። ስኳራቸውን ለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ በሆስፒታላችሁ አሠራር መሠረት ወዲያው ግሉኮስ ስጡ። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ ያልበሉ አዛውንት ዘንድ ይህ ሁልጊዜ የሚጠበቅ ነው። የኦክስጅን ሳቹሬሽን (ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን) እዩ። ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የ15 ሰከንዱን በ4 አባዝታችሁ አትጻፉ። የደም ግፊትና ሙቀት ለኩ። ልብ በሉ፦ አዛውንት ሳንባ ምች ይዟቸውም ላያተኩሳቸው ይችላል። ሙቀታቸው 36.8 ስለሆነ ኢንፌክሽን የለም አይባልም።

ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። ጭንቅላታቸው ላይ እብጠት ወይም ቁስል አለ? የወደቁ ሰው ከሆኑ ጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል? አንድ እጃቸው ደክሟል? ምላሳቸው ደርቋል? ደረቅ ምላስ ብዙ ይናገራል፤ ትናንት ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ?

ሆዳቸውን ዳስሱ። ከእምብርት በታች ጠጠር ያለ ኳስ ነገር ካለ ፊኛቸው ሞልቷል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላቸው ቱቦውን ከመነሻው እስከ ከረጢቱ በእጃችሁ ተከተሉት። እኔ ዛሬም የእያንዳንዱን አዛውንት ቱቦ በእጄ ሳልነካ ርክክብ አልፈርምም። ቀጥሎ «ከተጸዳዱ ስንት ቀን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። አራትና አምስት ቀን የቆየ ድርቀት ብቻውን ሰውን ሊያቃዥ ይችላል። ጥያቄው ያሳፍራል ብላችሁ አትለፉት።

ገልብጡና ጀርባቸውን እዩ። መቀመጫ አጥንታቸው ላይ ቁስል አለ? እግራቸውን ስታንቀሳቅሱ ፊታቸው ይጨማደዳል? ሕመም ዋና ምክንያት ነው። ቀዶ ሕክምና አድርገው ማስታገሻ ያልተሰጣቸው አባት «አመመኝ» ሳይሉ «ቤቴ ውሰዱኝ» ሊሉ ይችላሉ። ከቆላ የመጡ ከሆነ የወባ ምርመራ ይታዘዝላቸው።

አሁን የመድኃኒት ካርዱን ክፈቱ። ዳያዜፓም (ማረጋጊያ)፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚን፣ ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ሲሜቲዲን፤ እነዚህ አዛውንትን ከሚያቃዡት መካከል ናቸው። ዴሊሪየሙ የጀመረበትንና መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አረቄ በየቀኑ ይጠጡ የነበሩ ሰው ደግሞ ሆስፒታል ሲገቡ ድንገት ያቆማሉ። በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ የሌለ ነገር ያያሉ። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ስለሆነ ሐኪሙን ወዲያው ጥሩ። ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልጋቸዋል። ዳያዜፓምም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ለሐኪሙ በልኩ ንገሩት

«ዶክተር፣ 12 ቁጥር ረብሸዋል» ካላችሁት «ዳያዜፓም ስጪ» ይላችኋል። እንዲህ በሉት፦ «12 ቁጥር የተኙት የ78 ዓመት አባት ናቸው። እስከ ትናንት ምሳ ደህና ነበሩ። ከማታ ጀምሮ ሐሳባቸው ተበትኗል፣ ቀናትን ወደ ኋላ መቁጠር አልቻሉም። ስኳር 112፣ ሳቹሬሽን 86፣ ትንፋሽ 30። ልጃቸው ከወትሮው ተለይተዋል ይላል። ዴሊሪየም ነው ብዬ አስባለሁ፤ መጥተህ እይልኝ።» ይህን ሰምቶ በስልክ ብቻ የሚመልስ ሐኪም ጥቂት ነው። ካርዱ ላይም «ረብሸዋል» ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ።

ደረጃ 5፦ አነጋገራችሁን አስተካክሉ

በሬ የሚጠብቁትን አባት «እዚህ በሬ የለም፣ ሆስፒታል ነው፣ ተኛ!» ማለት ትግል ይጀምራል። «እሺ፣ በሬዎቹን አሰርኳቸው» ማለትም ውሸት ነው፤ ትንሽ ቆይተው ሲነቁ አያምኗችሁም። መሐሉን ያዙ። «አባባ፣ እኔ ሲስተር ነኝ። አሁን ሆስፒታል ነዎት፣ ልጅዎ እዚህ አለ። ከብቶቹ አሳስበውዎታል አይደል? ስንት በሬ ነበርዎት?» ስለ በሬው ሲያወሩ ድምፃቸው ይወርዳል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ እሱን ነው የምትመልሱት።

አንድ ሰው ብቻ ያናግራቸው። አራት ሰው ከቦ «ይተኙ!» ሲላቸው ጠላት የመጣ ይመስላቸዋል። ቢሰድቧችሁም አትቀየሙ። «አንቱ» ማለታችሁን ለአፍታም አትተዉ። አእምሮው የተበተነ ሰው ቃሉን ባይይዝ አክብሮቱን ያውቃል። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ሌላ ከሆነም በዚያው የሚያናግራቸው ሰው ፈልጉ፤ ታማሚ ሲደክመው ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ይመለሳል።

ደረጃ 6፦ ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት አድርጉላቸው

በፈረንጆቹ 1999 የታተመ፣ በአሜሪካ በየል የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር። በተለመደው አያያዝ ከቆዩት 15 በመቶዎቹ ዴሊሪየም ሲይዛቸው፣ ልዩ እንክብካቤ ካገኙት የያዛቸው 9.9 በመቶ ናቸው። ያ እንክብካቤ ውድ መድኃኒት አልነበረውም። ውሃ፣ እንቅልፍ፣ መነጽር፣ መስሚያ፣ መንቀሳቀስና ማነጋገር ነው።

ስለዚህ ጠዋት መስኮቱ ይከፈት። መነጽራቸው ከሻንጣ ይውጣና ተወልውሎ ዓይናቸው ላይ ይሁን። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ለምግብ ይደረግላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ። ምርኩዛቸው ይምጣ፤ እስከ በሩ ደርሰው ይመለሱ። መቁጠሪያቸው ወይም ሙስባሃቸው እጃቸው ላይ ይሁን። የማያስፈልግ ካቴተር በሐኪም ፈቃድ ዛሬውኑ ይውጣ።

ውሃ ላይ ጠበቅ በሉ። «ውሃ ይጠጡ» ብሎ ማለፍ አይሠራም። ኩባያውን እጃቸው ላይ አድርጉና በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ያስጎንጯቸው፤ ለአስታማሚው በወረቀት ላይ ምልክት እንዲያደርግ ስጡት። ሲውጡ ካሳላቸው ግን አቁማችሁ ለሐኪም ንገሩ። ጾም ላይ ናቸው? ብዙ እናቶች እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይነኩም፣ ለእኛም አይነግሩንም። አትከራከሯቸው። ልጃቸው ለንስሐ አባታቸው እንድትደውል ጠይቁ፤ አባ «ጠጪ ልጄ» ካሏቸው ከእኛ መቶ ምክር ይበልጣል። በእስልምናም ታማሚ ጾሙን ሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ሌሊት መብራት ይቀንስ፣ ግን ድቅድቅ ጨለማ አይሁን። የ6 ሰዓትና የ8 ሰዓት መድኃኒት አንድ ላይ መሰጠት ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ለቫይታል ሳይን (ለግፊት፣ ለሙቀትና ለትንፋሽ ልኬት) ብቻ ሁለት ጊዜ የሚቀሰቀስ ሰው ቢቃዥ አይገርምም።

ደረጃ 7፦ ፋሻና መርፌ የመጨረሻ ናቸው

እጅን በፋሻ ከአልጋ ጋር ማሰር የተለመደ ነው። እኔም አስሬያለሁ። የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ይደርቃል። የአልጋ ብረት ማንሣትም የተነሣሣን ሰው አያስቆመውም፤ ከላዩ ተሻግሮ ከከፍታ ይወድቃል። አልጋውን እስከ ታች ዝቅ አድርጉ፤ ካልወረደ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፉ። የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። ጉሉኮሱ የተሰካበትን ቦታ በእጅጌ ሸፍኑት፤ ያላዩትን አይነቅሉም።

አደጋው የማይቀር ሆኖ መርፌ ከታዘዘ መጠኑን እዩ። ሃሎፔሪዶል ለአዛውንት የሚጀመረው በትንሹ ነው፤ ግማሽ ሚሊግራም አካባቢ። 5 ሚሊግራም ታዝዞ ካያችሁ «ዶክተር፣ ዕድሜያቸው 80 ነው፣ መጠኑን ታየው?» ብሎ መጠየቅ የሙያ ግዴታችሁ ነው። ፓርኪንሰን ያለባቸው ከሆነ ጭራሽ አይሰጥም። ከሰጣችሁ በኋላ ትንፋሻቸውንና ግፊታቸውን ተከታተሉ።

ደረጃ 8፦ ለቤተሰቡ አስረዱ

አባባ የሞተ ወንድማቸውን ሲያናግሩ ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ መንሾካሾክ ይጀምራል። «ሊወስዷቸው መጥተው ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ሰይጣን ነው ይላል። አንዳንዱ ታማሚውን ይዞ መውጣት ይፈልጋል። ተቀመጡና በቀላል ቃል ንገሯቸው፦ «ይህ ከሕመሙ የመጣ መቃዠት ነው። ምክንያቱን እየፈለግን ነው። ብዙ ሰው ይሻለዋል።»

ጠበል ካመጡ አትቆጧቸው። መዋጥ የሚችሉና ምግብ ያልተከለከሉ ከሆነ ጥቂት መጠጣት፣ ግንባራቸውን መቀባት አይጎዳም። በቀዝቃዛ ውሃ መጠመቁን ግን እስኪድኑ እንዲያቆዩት ለምኗቸው። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥም ተስማሙ። ክብር ያገኘ ቤተሰብ ይተባበራል።

ደረጃ 9፦ ባልደረቦቻችሁን በ15 ደቂቃ አስተምሩ

ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶች ብዙ ተማርኩ፤ ስለ አዛውንት የማስታውሰው ጥቂት ነው። ሥልጠና እስኪመጣ አንጠብቅ። ከጠዋት ርክክብ በኋላ አንድ አልጋ ምረጡ። ለአዲሷ ነርስ ቀናትን ወደ ኋላ ማስቆጠር አሳይዋት። ቀጥሎ እሷ ሌላ ታማሚ ላይ ትሞክረው። ቱቦውን በእጇ ትከተል። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

አመለካከት በስብሰባ አይለወጥም። እኔን የለወጠኝ ያ 900 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ምክንያቱ የተገኘላቸውን ታማሚ ስታገኙ ለሁሉም ተናገሩ። የጽዳት ሠራተኞችንና የካርድ ክፍል ልጆችንም ጨምሩ፤ ማታ ኮሪደር ላይ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱትን አባት ቀድማ የምታያቸው ብዙ ጊዜ ጽዳቷ ናት።

ደረጃ 10፦ ሲወጡ

ዴሊሪየም አንዳንዴ ለሳምንታት ይቆያል። ቤተሰቡ «ዳኑ ብላችሁ ሰጣችሁን፣ አሁንም ይረሳሉ» ብሎ እንዳይደነግጥ ቀድማችሁ ንገሩት። ያቃዣቸውን መድኃኒት ስሙን በጉልህ ጻፉላቸው፤ ሌላ ክሊኒክ ሲሄዱ ያሳዩት። በቀጠሯቸው ቀን የማስታወስ ችሎታቸው እንዲታይ አስመዝግቡ።

አባባም የሆነውን በከፊል ያስታውሱ ይሆናል። «ምን ብዬ ይሆን? ሰው አስቀይሜያለሁ?» ብለው ያፍራሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉና ንገሯቸው፦ «ሕመሙ ነው አባባ፣ እርስዎ አይደሉም። ስለ በሬዎችዎ ነበር የሚያወሩት። ቦራውን በጣም ይወዱት ነበር አይደል?»